እትዬ ዘርፌ አይምሉም

የእትዬ ዘርፌን ሞት የሰማሁት ከዓለም ባንክ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ቀብር ያወራሉ። አንደኛዋ «ዘጠና አልፏቸው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ዱላ አልያዙም አሉ» አለች። «የትኛዋ?» አለቻት ሁለተኛዋ። «የኮልፌዋ ናቸዋ! ድሮ አጣና ይሸጡ የነበሩት፣ የማይምሉት ሴትዮ።» ያን ጊዜ ረዳቱን «ወራጅ አለ!» አልኩት። መውረጃዬ ገና ነበር። ቀብሩም አልፏል፤ ወርጄ የምደርስበት ነገር አልነበረም። ብቻ ተቀምጬ መስማት አልፈለግሁም። ሁለቱ ሴቶች ከእኔ ይልቅ የሚያውቋቸው ይመስል ያወሩ ነበር።

ስለ እርሳቸው ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ እኔን የማያውቅ ሰው እርሳቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ተከራይቼ በምኖርበት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ያኔ ግድግዳ በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ጥቂቱን ፊደል ጎረቤት ጠይቄ፣ የቀረውን ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በራሴ ፈታሁት። አከራዬ ማንበብ ስለማይችሉ ግማሹን ጋዜጣ ዘቅዝቀው ነው የለጠፉት። ስለዚህ እኔ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም ጽሑፍ እኩል አነባለሁ። በኋላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ስሆን፣ መዝገብ ሹሙ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋውን ወረቀት ከማዶ ቆሜ አነበው ነበር። ዲፕሎማ የያዙት ይህን አይችሉም። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከኮልፌ እስከ አስኮ ድረስ ክርክር ያለበት ሰው የሚጠይቀው እኔን ነበር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

እትዬ ዘርፌ ያኔ አርባዎቹን የጀመሩ ባልቴት ነበሩ። ረጅም ናቸው። የሟች ባላቸውን ካፖርት ከቀሚሳቸው በላይ ይደርባሉ፤ እጃቸው በባሕር ዛፍ ሙጫ ጠቁሮ የተሰነጣጠቀ ነው። ግቢያቸው መንገድ ዳር ነበር፤ ቋሚው ለብቻ፣ ማገሩ ለብቻ ተደርድሮ አጥሩ ላይ ይደገፋል። በዚያ ዘመን ኮልፌ ውስጥ ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከእርሳቸው ግቢ እንጨት ወስዷል ብል አላጋነንኩም።

የመጀመሪያው የሚገርመው ነገራቸው ገበያቸው ነበር። አጠገባቸው ያሉት ነጋዴዎች ቀኑን ሙሉ ሲምሉ ይውላሉ። «መድኃኔዓለምን በኪሳራ ነው የምሰጥህ!» «እናቴ ትሙት!» «ጃንሆይ ይሙት፣ የገዛሁበት ዋጋ ነው!» እርሳቸው ዋጋውን አንድ ጊዜ ይናገሩና ወደ ሥራቸው ይዞራሉ።

«እስቲ ይማሉ!» አላቸው አንድ ቀን ከአስኮ የመጣ ገዢ።

«ለምን?»

«ትክክለኛ ዋጋው መሆኑን እንዳምን ነዋ!»

«ዋጋውን ነግሬሃለሁ። ብምልልህ ይቀንሳል?»

ሰውየው ተናዶ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱ በሦስት ታቦት ማለለት። ሰውየው ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣና የእትዬ ዘርፌን አጣና መጫን ጀመረ።

ይህ የመጣው ከእኔ ንባብ ነው። ባላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ወንጌል ትተውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ፊደል አይለዩም። አንድ ማለዳ ወደ ሥራዬ ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንተ ጸሐፊ፣ ይህን ታነባለህ?»

«ተዘቅዝቆም አነበዋለሁ» አልኳቸው።

«ቀጥ አድርገህ ይበቃኛል።»

እኔ ሙሉውን ላንበለብልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ድምፄ ያምራል፤ ብዙ ሰው መስክሮልኛል። እርሳቸው ግን አንዲት ቃል ሲሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ። «ይብቃ።»

«ምዕራፉ አላለቀም እኮ፣ እትዬ።»

«እሷን መቼ ሠራኋት? ያልተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ትቆልልብኛለህ እንዴ?»

እንዲህ ነበር የሚያነቡት፣ ማለቴ የሚያስነብቡት። አንዲት ቃል ይሰማሉ፣ ይዘዋት ይሄዳሉ፣ ሠርተው ሲጨርሱ «ጨረስኳት፣ ቀጥል» ይላሉ። አንዳንዷ በሁለት ቀን ታልቃለች፤ የመሐላዋ ሁለት ወር ፈጀች። አፋቸው ለምዶ «ማርያምን» ባሉ ቁጥር ያልማሉበትን ቀን እንደገና ከአንድ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ብዙ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። «እርስዎ በዚህ አካሄድዎ ግማሹንም ሳያዩ ይሞታሉ» ስላቸው፣ «አንተ ጨርሰኸው ምን ሆንክ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ ለማይረባ ጥያቄ መልስ አልሰጥም።

አንድ መንገድ እንድትሄድለት የሚያስገድድህ ካለ ሁለት መንገድ ሂድለት የምትለዋን ያነበብኩላቸው ሳምንት፣ የሰፈራችን ጭቃ ሹም ለአጥራቸው አንድ ሸክም አጣና በነጻ እንዲያመጡ አዘዟቸው። ልማዳቸው ነበር። እትዬ ዘርፌ አንዱን ሸክም አደረሱ፤ ተመልሰው ሁለተኛውን ተሸከሙና ሄዱ። ጭቃ ሹሙ ደነገጡ። በሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ መጥተው፣ «ይህች ሴትዮ ምን ክስ አጽፋብኝ ነው?» ብለው ሹክ አሉኝ። ለእትዬ ዘርፌ ስነግራቸው፣ «እኔ ጨርሻታለሁ፤ ሰውየው ግን የታመመ ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ሹሙ በነጻ እንጨት ጠይቀው አያውቁም።

ሌላ ቀን ቤት ለተቃጠለባት አንዲት ሴት ማገር አጥሯ ሥር አስቀምጠው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። ቀኝ እጅህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የምትለው ላይ ነበርን። ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«አየኸኝ?»

«አዎ።»

«ኤጭ! እንግዲህ እንደገና መሥራት አለብኝ።»

እንዲህ ሦስት ዓመት ገፋን። ነገሩ የተበላሸው በሙዘይን ክርክር ነው።

ሙዘይን ከእትዬ ዘርፌ ግቢ በስተጀርባ ትንሽ ሱቅና ቤት ያለው ነጋዴ ነው። እስላም ነው፤ ሚስትና አምስት ልጆች አሉት። ቦታውን የገዛው ከአንድ ባለርስት ነበር። ውሉ ሲጻፍ የፈረሙት ምስክሮች ሁሉ ሞተዋል፤ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ምስጥ በላው። ባለርስቱ ሲሞቱ ልጃቸው ግራዝማች ተክሌ፣ «አባቴ አከራየው እንጂ አልሸጠለትም፤ ይልቀቅ» ብለው ከሰሱ። ሽያጩ ሲፈጸም በዓይኗ አይታ በሕይወት ያለች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እትዬ ዘርፌ። ውሉ የተጻፈው በእርሳቸው ግቢ፣ አጣና ላይ ተቀምጠው ነው።

የሙዘይንን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እጅግ ያማረው ነበር። ግን ያለ ምስክር ዋጋ የለውም፤ ምስክር ደግሞ ወንጌል ይዞ ካልማለ ቃሉ አይመዘገብም።

«እመሰክራለሁ፤ አልምልም» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ሙዘይን ራሱ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ የእርስዎን መጽሐፍ አላውቅም፤ በመጽሐፍዎ አልገባም። ልጆቼን ግን እርስዎ ያውቋቸዋል።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ሙዘይን።»

ሙዘይን ሲወጣ ማገር አነሱና መልሰው እዚያው አስቀመጡት። ከእርሳቸው እጅ ሥራ ሲጠፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ጠሩኝ። «ያቺን የመሐላዋን ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው። በሰማይም በምድርም አትማሉ፤ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም በሉ የምትለውን።

«ከሥሯ ምንም የለም? ስለ ዳኛ የሚል?»

ከሥሯ ምንም አልነበረም። እኔ ግን የሙዘይንን ልጆች አሰብኩ። ያማረውን ማመልከቻዬንም አሰብኩ። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ዛሬም አላውቅም።

«አለ» አልኳቸው። «‹ዳኛ ሲጠይቃችሁ ግን ማሉ› ይላል።»

«በፊት ስታነብልኝ የት ነበረች?»

«ቅጠሉ ተጣብቆ ነበር።»

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ መስመር አድኛለሁ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እንደገና አስጠሩኝ። «ያቺን አንዴ አሰማኝ፤ ነገ ከሙዘይን ጋር እንነጋገራለን።» መጽሐፉን ገለጥኩና በሙሉ ድምፄ አነበብኩ። «‹በዳኛ ፊት በቆማችሁ ጊዜ ግን መማል ተፈቅዶላችኋል።›»

ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈውን ማሳመር ይወዳል። በሦስት ቀን ውስጥ ሳላውቀው አሳምሬያት ነበር። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ በእጅጉ ትሻላለች።

እትዬ ዘርፌ ቀና አሉ። «ባለፈው እንዲህ አላለችም።»

«ያው ናት፣ እትዬ፤ ሐሳቡ ያው ነው።»

«‹ዳኛ ሲጠይቃችሁ ግን ማሉ› ነበር ያልከው። እኔ አላነብም፤ የሰማሁትን ግን ይዤ ነው የማድረው።» መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ። «የአንተ ናት?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ለሙዘይን ብዬ ነው» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አጣናው ላይ ተቀመጡ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብክልኝን ሁሉ ሠርቼዋለሁ እኮ» አሉ። «ሁለት ሸክም የተሸከምኩት፣ በስውር የሰጠሁት... ከዚያ ሁሉ የትኛው የእሱ ነው፣ የትኛው የአንተ ነው? አሁን በምን ልለየው?»

«መድኃኔዓለምን! ሌላው ሁሉ እውነት ነው!» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«አየህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰው መቼ እንደሚምል?»

መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉ፣ በጨርቁ ጠቀለሉት፣ ወደ ቤት ገቡ።

በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እትዬ ዘርፌ ያን ካፖርት ለብሰው ቀረቡ። ዳኛው ወንጌሉን ወደፊት ገፋ አደረጉት።

«እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉና ይማሉ።»

«ጌታዬ፣ ያየሁትን እናገራለሁ። ከዋሸሁ እንደ ሐሰተኛ ይቅጡኝ። መማል ግን አልምልም።»

«ለምን?»

«ይህን መጽሐፍ ከፍተው አይተውታል?»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «እኔን ነው የሚጠይቁት?»

«ድፍረት አይሁንብኝ ጌታዬ። ውስጡ አትማሉ ይላል። ሲዘጋ ይማልበታል፤ ሲከፈት ይከለክላል። እኔ የተከፈተውን ነው የሰማሁት።»

«በእግዚአብሔር!» አሉ ግራዝማች ተክሌ ከወንበራቸው ተነስተው። «ይህች ሴትዮ ሁላችንንም ከክርስትና ልታስወጣን ነው!»

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥቂት አሰቡና ወደ ግራዝማች ዞሩ። «እርስዎ ሴትዮዋን ያውቋቸዋል። ያለ መሐላ ቃላቸውን ይቀበላሉ? ከተቀበሉ እመዘግበዋለሁ።»

የግራዝማች አጥር በሙሉ የእትዬ ዘርፌ አጣና እንደሆነ፣ ሲወስዱም ቆጥረው እንደማያውቁ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ግራዝማች መሬት መሬት አዩ።

«በአጣና ጊዜ አምናቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መሬት ግን አጣና አይደለም።»

በዚህ አለቀ። የእትዬ ዘርፌ ቃል አልተመዘገበም፤ ሙዘይን ተረታ፤ ቤቱን አፍርሶ እንዲለቅ አንድ ወር ተሰጠው። እኔም ያን የመሰለ ማመልከቻ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረታሁ። ወደ ሰፈር ስንመለስ ሙዘይን ከፊት፣ እርሳቸው ከመካከል፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

በማግስቱ ማለዳ በግቢያቸው ሳልፍ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። እትዬ ዘርፌ የግቢያቸውን ግማሽ ባዶ እያደረጉ ነበር፤ ቋሚውን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይጎትታሉ። ሙዘይን አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ ዘርፌ?»

«ቦታ እየለቀቅኩ።»

«ለማን?»

«ላንተ ነዋ! ና፣ በዚያኛው ጫፍ ያዝልኝ።»

«እኔ ምጽዋት አልጠየቅኩም።»

«ምጽዋት መቼ ሰጠሁህ? አልምልም ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔን መታዘዝ አንተ ልትከፍልልኝ ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ጽድቅ አልፈልግም።»

«ወላሂ አልቀበልም!»

«ይኸው! ደግሞ አንተም ትምልብኝ ጀመር?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሙዘይንም ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየን። ጥቂት ቆይቶ በዚያኛው ጫፍ ያዘላቸው። ቤቱና ሱቁ በወሩ ውስጥ ቆሙ፤ ቋሚውም ማገሩም የእርሳቸው ነበር። ለማእዘኑ ቋሚ ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ከሁሉም ጠልቆ የተቆፈረው የእኔ ነበር። እትዬ ዘርፌ ውኃ አቀበሉኝ፤ «አንብብልኝ» ግን አላሉኝም። ገበያቸው በግማሽ ቀነሰ፤ ግማሽ ግቢ ግማሽ እንጨት ነው የሚይዘው። ሲያማርሩ ግን አልሰማሁም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንን። በጠረጴዛዬ ፊት ሲያልፉ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ለሰው ደግ አስቤ ነው የዋሸሁት እል ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ክርክሬን አስረትተውኛል። ፊደል ከሙዘይን መማር መጀመራቸውን ሰማሁ። ግቢውን ለሁለት በከፈለው አጥር ላይ ተደግፈው ነው፤ እርሱ ሱቁን ሲከፍት፣ እርሳቸው እንጨት ሲደረድሩ። ኮልፌ ሙሉ አንባቢ ሞልቶ፣ እኔም እያለሁ፣ ወንጌል ከእስላም መማር ምን ይሉታል ብዬ ሰው ፊት ተሳለቅሁ። የሰጡት መልስ ደረሰኝ። «የእሱ መጽሐፍ ስላልሆነ አይጨምርበትም፤ አይቀንስበትም» አሉ።

አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ላይ ተቀምጬ ለሰኞ የሚሆን ማመልከቻ ስጽፍ ጥላ ወረቀቴ ላይ አረፈ። እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተዋል፣ መጽሐፉ በብብታቸው ነው። ደክሟቸዋል፤ በፍጥነት መጥተዋል።

«ያነበብክልኝን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁት» አሉ ሳይቀመጡ። «ከዚያች በቀር የጨመርከው የለም።»

«አልነገርኩዎትም?» አልኩ።

«አንዷን ግን ዘለሃታል።»

«እኔ? እኔ አልዘልም!»

መጽሐፉን ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉ። ሙጫ ያጠቆረው ጣት ከመስመሩ ሥር ቆመ። አየሁ። ከመሐላዋ ከፍ ብላ ያለች ናት፤ መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ተውና አስቀድመህ ሂድ፣ ታረቅ የምትለው። አንድ ማለዳ ባለጉዳይ ሲጠብቀኝ ቸኩዬ ዘልያት ኖሯል።

«እንደገና ከላይ ጀምሬ ሳነብ ዛሬ ማለዳ ደረስኩባት» አሉ። «ጧፌን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አስቀምጬ መጣሁ።»

«እትዬ፣ የበደልኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። እሷ ግን ማን በደለ ብላ አትጠይቅም፤ ሂጂ ነው የምትለው። አንተ ስትዘላት እኔ ሁለት ዓመት ዘገየሁ።»

ተነስቼ ቆምኩ። ብዙ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ቃል መሐላ ሊሆን ሲል አወቅሁበትና ዘጋሁት።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ምንም አልጨመርኩበትም።

«ይቅር ብያለሁ። አንተም ይቅር በለኝ። በል አሁን አንብባት።»

አነበብኩ። ድምፄን አላሳመርኩም። እርሳቸው በጣታቸው ቃል በቃል ይከተሉኝ ነበር፤ እኔ ስፈጥን ጣታቸው ወደኋላ ይቀራል፣ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ማንም ፈትኖኝ አያውቅም፤ ከዚያ ቀን በቀር።

ጣታቸው ከመስመሩ ጫፍ ደረሰ።

«ልክ ነው» አሉና መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ወደ ጧፋቸው ሄዱ።